የሦስተኛው ገጽ ፍርሃት

ያንን ሙዚቃ ለመጨረሻው ፈተናዬ የመረጡልኝ መምህሬ ናቸው። ኖታውን ሲሰጡኝ፣ «ጣቶችሽ ይችሉታል። አንቺ ትችይው እንደሆነ ግን አላውቅም» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ፒያኖ መማር የጀመርኩት አዲስ አበባ የላብራቶሪ ሙያ ስማር ነው። ከክፍል እንደወጣሁ ወደ አንድ ትንሽ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። የመጨረሻውን ፈተና ሳልወስድ በላብራቶሪው ተመረቅሁና ሸዋ ሮቢት ተመደብኩ። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ ከትምህርት ቤቱ ተደወለልኝ፤ እስከ ሰኔ ካልተፈተንኩ ያለፈው ውጤቴ ሁሉ ይሰረዛል ተባልኩ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ አዲስ አበባ ወጣሁ፤ ኖታውን ተቀበልኩ፤ አንድ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዝቼ በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ወረድኩ። ሮቢት ስንደርስ ረዳቱ «ይሄ የማን ሬሳ ነው?» እያለ ነው ያወረደው።

የተከራየሁት ክፍል ከባለቤቶቹ መኝታ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል። ባለቤቶቹ አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየውን እትዬ እላቸዋለሁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከያዘባቸው ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆኗል ኑሯቸው። እትዬ ቤቱን ሲያከራዩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቁኝ። «ልጄ፣ ድምፅ አልችልም። ወላሂ፣ ሌላው ሁሉ ይሁንልሽ፤ ድምፅ ብቻ አይሁንብኝ።»

ፒያኖው ሲገባ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ሄድፎኑን ሰክቼ አሳየኋቸው። «በዚህ ሲሆን ለኔ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እትዬ» አልኳቸው። ሄድፎኑን አገላብጠው አይተው መልሰው ሰጡኝና ወጡ።

ሙዚቃው ስድስት ገጽ ነው። ስሜት ከሥርዓት ቀድሞ ይናገር በተባለበት፣ ሮማንቲክ በሚሉት ዘመን፣ አንድ አውሮፓዊ ለፒያኖ ብቻ የጻፈው ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ለስላሳ ዜማ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅ ይዘፍናል፣ ግራ እጅ ከሥር ያጅባል። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ቀኝ እጅ ዝም ይልና ግራ እጅ ብቻውን ስድስት ኖታ በሹክሹክታ ይጫወታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሁለቱም እጆች ባላቸው ኃይል ሁሉ ይወርዳሉ። አንድ ገጽ ተኩል ያህል እንዲያ ከቆየ በኋላ የመጀመሪያው ዜማ ይመለሳል።

ኖታዎቹን በሦስት ሳምንት ለመድኳቸው። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያው ላይ በጣልያንኛ «በነፃነት» የሚል ቃል ተጽፏል። የምን ያህል ነፃነት? ዜማው ላይ ትንሽ መዘግየት፣ ትንሽ መፍጠን ይፈቀዳል፤ መምህሬ ጊዜ መስረቅ ይሉታል። «ስረቂ፤ ግን የሰረቅሽውን መልሺ» ይላሉ። የት ልስረቅ? የት ልመልስ? ወረቀቱ አይናገርም። በስልኬ ሁለት ሰዎች የተጫወቱትን አወረድኩ። አንደኛው በየመስመሩ ቆም እያለ ያለቅሳል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ የሚቸኩልበት ቀጠሮ ያለው ይመስላል። የሚያለቅሰውን ወደድኩና ትንፋሹን ሳይቀር ቀድቼ አዲስ አበባ ወጣሁ።

በየሦስት ሳምንቱ ቅዳሜ መምህሬ ዘንድ እሄድ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ አስቆሙኝ።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ ነው።»

«ያንቺ አይደለም። የሰው እንባ ተውሰሽ ነው የመጣሽው። ሂጂና ሁለቱንም ከስልክሽ ላይ አጥፊ።»

አጠፋኋቸው። ከዚያ በኋላ በጆሮዬ ውስጥ የምከተለው ሰው አልነበረም።

የምለማመደው በምሳ ሰዓት ነበር። የዙሁር አዛን ካለቀ፣ እትዬም ሰግደው ከጨረሱ በኋላ እጀምራለሁ። በዚያ ሰዓት ሮቢት ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ቬንትሌተሩ የሚያቀብለኝ ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ላቤ ከክርኔ ወርዶ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጣቴ ያዳልጠኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፒያኖው እንጨት ነው። ያኔ ጠረጴዛ ላይ በጣቶቼ እየመታሁ ዜማውን በአፌ እላለሁ።

ሚያዝያ ላይ ግድግዳው ተመታ።

በከዘራ ሁለት ጊዜ፣ ኳ ኳ። እጄን አነሳሁ። ሄድፎን አድርጌ ምን ሊሰማ ይችላል? ትንሽ ጠብቄ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ስደርስ አሁንም ኳ ኳ አለ። በማግስቱም እዚያው ቦታ ላይ ነበር። የፒያኖውን ማቆሚያ ከግድግዳው አርቄ ከሥሩ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ከዘራው ግን አልቀረም። ያቺ ቦታ ስትቃረብ ትከሻዬ ይቆለፋል፤ መመታቱን ስጠብቅ ጣቶቼ ይዘገያሉ፤ በዘገየሁ ቁጥር ደግሞ ይመታል። ለማን አቤት እላለሁ? ድምፅ አልችልም ተብዬ የገባሁ ሰው ነኝ።

አንድ ሐሙስ እትዬ በሩን ገፍተው ገቡ። የመስገጃ ልብሳቸውን አልቀየሩም፤ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው።

«ልጄ፣ ምንድነው የምትጫወቺው?»

«ሙዚቃ ነው፣ እትዬ።»

«ሙዚቃውንስ አልሰማሁት። እኔ የምሰማው መሬቱን ነው። ቀስ ብሎ ቆይቶ ቆይቶ ዱብ ዱብ ይላል፤ ልቤ ጥላኝ ትሄዳለች።»

ያኔ ገባኝ። ሦስተኛውን ገጽ ስመታ ቁልፎቹ ከሥራቸው ይደልቃሉ፤ ፔዳሉን የምረግጥበት እግሬም ወለሉን ይመታል። ዜማው እኔ ጆሮ ውስጥ ሲቀር ድብደባው ብቻ በወለሉና በግድግዳው አልፎ ይሄዳል።

እትዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ አንድ ክፉ ሰሞን የነገሩኝ ያኔ ነው። ከተማዋ በተኩስ ስትናጥ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ተራራው ሸሽቷል። ጋሼ ስትሮኩ ገና የመታቸው ጊዜ ነበር፤ መነሳት አይችሉም። እትዬ ጥለዋቸው አልሄዱም። ባላቸውን ጎትተው አልጋ ሥር አስገብተው፣ አጠገባቸው ተኝተው ሰነበቱ። «እኔ ስቆጥር ነበር» አሉኝ። «ዝም ሲል እቆጥራለሁ። መቶ ሳልደርስ ይጀምራል።»

እኔ ወደ ሮቢት የመጣሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ሆኜ ዜናውን በስልኬ አነብ ነበር።

«አቆማለሁ፣ እትዬ።»

«አቁሚ አላልኩሽም» አሉና ተነስተው ወጡ። ከቁጣ የባሰ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛውን ገጽ አለሳልሼ መጫወት ያዝኩ። ኮርዶቹን፣ አንድ ላይ የሚመቱትን ኖታዎች፣ እየዳሰስኩ አልፋቸዋለሁ። እንዲያውም ያምራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግንቦት መግቢያ ላይ መምህሬ ፊት ተቀምጬ ስጫወት ግን እዚያው ላይ ቁልፎቹን በእጃቸው ሸፈኑብኝ።

«ማነው የተኛው?»

«ምን አሉ?»

«ሕፃን እንዳይነቃ እኮ ነው የምትጫወቺው። ይሄ ሰው ሲጽፈው ፈርቷል፤ ወይ ተናዷል፣ የትኛው እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ። እንዲያምርለት ግን አልጻፈውም።»

ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ግድግዳውን፣ ከዘራውን፣ እትዬን። «አዝናለሁ» አሉ። «ፈታኞቹ ግን ግድግዳሽን አያውቁትም። እንዲህ ከተጫወትሽው ይጥሉሻል፤ ሳይጥሉሽ እኔው እጥልሻለሁ።»

ሮቢት የተመለስኩት ተናድጄ ነው፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እንጃ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ከዘራው ኳ ኳ ሲል ሄድፎኑን ወርውሬ ወደ እነሱ ክፍል ሄድኩ። እትዬ ገበያ ወጥተዋል። ጋሼ ግድግዳው ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ከዘራው በግራ እጃቸው አለ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩኝ። በጣም እየረበሽኩዎት ነው?»

«ማን፣ እኔን?» ከበሽታቸው ወዲህ ቃል እየጎተቱ ነው የሚናገሩት። «እኔስ እየነዳሁ ነው።»

ግራ ገብቶኝ ቆምኩ።

«ዘፈኑን አልሰማውም። የእግርሽን ዱብታ ነው የምሰማው። አካሄድሽ ደግ ነው፤ ደህና ትነጂያለሽ። እዚያች ቦታ ስትደርሺ ግን ፍሬን ትረግጫለሽ። ቢቸግረኝ በከዘራ ነገርኩሽ።»

«መዘግየት ይፈቀዳል እኮ፣ ጋሼ። ሙዚቃው ነው የሚያዘገየው።»

«ዘግዪ። ማን ከለከለሽ? የጣርማበርን ቁልቁለት ጭነት ይዘሽ ስትወርጂ ማርሹ የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው። ኩርባው ውስጥ ገብተሽ ፍሬን ከያዝሽ ጭነቱ ከኋላ ይገፋሻል። አንቺ የሚመጣውን ስለምትፈሪ አፋፉ ላይ ደርሰሽ ነው የምትይዢው። ገደል የገቡትን አይቻለሁ፤ ሁሉም እንዳንቺ ነው የያዙት።»

ሄጄ ሞከርኩት። መዘግየቱን ከዜማው መጨረሻ ትንሽ ቀደም አድርጌ ስድስቱን ኖታዎች ምንም ሳልጎትት እኩል ተራመድኩባቸው። ከዘራው ዝም አለ። ለወራት ያልተገለጠልኝ ነገር፣ አንዲት ዜማ ሳይሰሙ፣ ጊዜውን ብቻ በግድግዳ የሰሙ ሰው አሳዩኝ። የሰረቅሁትን የት እንደምመልስ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው ገጽ ግን አሁንም ሕፃን የሚያስተኛ ነበር። ፈተናው አራት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ራሳቸው መጡ።

«ያንን ነገር በድምፁ አሰሚኝ» አሉ። «የማላውቀው ስለሆነ ነው የምፈራው። ካወቅሁት ይለቀኛል፣ ኢንሻ አላህ።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጋሼን ከነወንበራቸው ደግፈን ክፍሌ በር ላይ አስቀመጥናቸው። እትዬ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሄድፎኑን ነቀልኩና በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፒያኖው ጮክ ብሎ ተሰማ። ሁለቱን ገጾች እትዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ሦስተኛው ላይ፣ እንደተጻፈው፣ በሙሉ ኃይሌ ወረድኩበት።

«ያ ረብ!» ብለው እትዬ ተነሱ። መቁጠሪያው ወደቀ። እጄን አነሳሁ።

«ቀጥይ» አሉ ቆመው።

ጨረስኩት። መልሰው ተቀመጡ። «አሁን አወቅሁት። እንደገና አምጪው።»

በሁለተኛው ዙር ኖታውን አላይም ነበር፤ በቃሌ ስለያዝኩት እሳቸውን ነው የማየው። ዜማው ላይ መቁጠሪያው በጣቶቻቸው መሀል ይፈስሳል። ስድስቱ ኖታዎች ሲጀምሩ ቆመ። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ይቆጥራሉ። ሦስተኛው ገጽ ሲወርድ አልደነገጡም። ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ መቁጠሪያውም ተንቀሳቀሰ።

ስጨርስ ላብ በላብ ሆነው ነበር። «ሲመጣስ ይሻላል» አሉኝ። «ሳይመጣ ያለው ነው ሰው የሚገድል። ያኔም እንዲሁ ነበር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስድስቱን ኖታዎች እንደ መሸጋገሪያ ነበር የማያቸው። ጩኸቱን እንዴት ልምታው እያልኩ ስጨነቅ ፍርሃቱ ያለው ከጩኸቱ በፊት ነበር፤ በለሆሳሱ ውስጥ፣ እኩል በሚራመደው ውስጥ። እዚያው እያሉ እርሳስ አንስቼ ኖታው ላይ ምልክት አደረግሁ። ይህን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ሴትዮዋ ላባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ነው፤ እኔ ከፍርሃታቸው ላይ እቀዳለሁ። ጋሼ አዩኝ።

ለፈተናው አርብ ጠዋት ተነሳሁ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምፈተነው፤ ጊዜ ነበረኝ። ጣርማበር አፋፍ ላይ ግን አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘጋው። ጉሙ ወርዶ ፊት ለፊታችን ያለው አውቶቡስ እንኳ አይታይም። በሮቢት ሙቀት የለበስኩት ስስ ሸሚዝ ነው። ጣቶቼ እየደነዘዙ ሲሄዱ ብብቴ ውስጥ ከተትኳቸው። መንገዱ የተከፈተው አመሻሽ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን አድሬ አዲስ አበባ የገባሁት በማግስቱ ጠዋት፣ ፈተናው ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ ጎልማሳ፣ አንዲት ሴትዮና አንድ ሽማግሌ። መምህሬ ከኋላ ተቀምጠዋል። ፒያኖው እውነተኛ ነው፤ ቁልፎቹ ከኔው ይልቅ ይከብዳሉ። ጣቶቼ ገና አልሞቁም።

ዜማው ሄደልኝ። ማርሹን ከኩርባው በፊት ቀነስኩ። ስድስቱን ኖታዎች ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ላይሰሙ ትንሽ እስኪቀራቸው አለሳለስኳቸው። አምስተኛዋን ነካኋት፤ ድምፅ አልሰጠችም። ቁልፏ ወረደች፣ ፒያኖው ውስጥ ያለው መዶሻ ግን ክሩን አልነካም። የቀዘቀዘው ጣቴ ጉልበት አንሶት ነው። በኖታዋ ቦታ ባዶ ጉድጓድ ተከፈተ። ላቆም ነበር። ሁሉ ነገር ከውስጤ ሲሸሽ ተሰማኝ። እጄ ግን መራመዱን አልተወም፤ ስድስተኛዋን መታሁ፤ ወረድኩ።

ስጨርስ ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አምስተኛዋን ኖታ ዘለልሻት። ሆን ብለሽ ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ትርጓሜዬ ነው ብል ማን ይከራከረኛል?

«አይደለም» አልኩ። «ጣቴ ቀዝቅዞ ነው። መንገድ ተዘግቶብኝ አሁን መድረሴ ነው።»

«እንግዲያው ስህተት ነው» አሉ ወደ ባልደረቦቻቸው ዞረው። «ደራሲው ስድስት ነው የጻፈው።»

«እኔ መጻፌን ያቆምኩት እዚያች ላይ ብቻ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሌላውን ሁሉ እየሰማሁ ስጽፍ ነበር።»

«ስለደነገጥሽ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ታዲያ ደራሲው ምን እንድሆን ነበር የሚፈልገው?»

ጎልማሳው ከሁለተኛው ገጽ መጨረሻ እንድደግመው አዘዘኝ። በዚህኛው ስድስቱም ኖታዎች ተሰሙ። ጥርት ብለው፣ ያለ ስህተት። የፈታኞቹ እስክሪብቶ አንዴም ሳይቆም ይጽፍ ነበር።

ውጭ አስቀምጠውኝ ብዙ ቆዩ። በሩ ተዘግቷል፤ የሽማግሌው ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ሆነ። መምህሬ ሲወጡ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። «አልፈሻል» አሉኝ። «ለጥቂት ነው። ኖታ ባለማክበር ቀንሰውብሻል፤ መቀነሳቸውም ትክክል ነው።» ወደ ደረጃው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆም አሉ። «የመጀመሪያው ይሻል ነበር። እንዳትለምጂው ግን።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሮቢት ገባሁ። እትዬ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ጋሼም ከውስጥ በተጎተተ ድምፃቸው «እሰይ!» ሲሉ ተሰማኝ። እትዬ ግን እጄን አልለቀቁም። ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ ጋሼ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ ያንን አትጫወቺው፣ ልጄ። ለፈተናሽ ስል ቻልኩት። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ለመዱት ብዬ ነበር። ካወቅሁት ይለቀኛል ያሉትን አምኜ፣ አራት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ስጫወትባቸው ኖሬያለሁ። በነዚያ ሳምንታት አንድም ቀን ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

«እሺ» አልኳቸው። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«አውፍ ብያለሁ» አሉ።

አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ እጫወታለሁ፤ አጫጭርና ቀለል ያሉ ነገሮችን። እትዬ ራሳቸው ሄድፎኑን ንቀይው ስላሉኝ ድምፁ ግቢው ውስጥ ይሰማል። ያንን ሙዚቃ የምጫወተው አዲስ አበባ ስሄድ፣ በትምህርት ቤቱ ፒያኖ ላይ ብቻ ነው። ስድስቱን ኖታዎች አሁን ሁሉንም አሰማለሁ፤ ስድስት ነው የተጻፈው። አምስተኛዋ ላይ ስደርስ ግን ጣቴ ሁልጊዜ ትንሽ ያመነታል፤ እስካሁን አልተውኩትም።